የኑግ ዘይት የጠጣው ጠመንጃዬ

ሰው የሚያመሰግነው ለሠራለት ዕቃ ነው። ወፍጮው ሲፈጭለት፣ መኪናው ሲነሳለት ተመስገን ይላል። እምቢ ላለው ብረት ተመስገን የሚል ሰው ግን አጋጥሟችሁ ያውቃል? እንግዲያው እኔን ተዋወቁኝ።

በጣሊያን ጊዜ ነው። ደብረ ኤልያስ አካባቢ ከአርበኞች ጋር ሆኜ መንገድ እጠብቃለሁ። ጠመንጃ ቅባት ካላገኘ ብረት ከብረት እየተፋተገ ይበላል፤ ስለዚህ የኔን ዘወትር በቅቤ አሸው ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ግን ባለቤቴ የቅቤውን ቅል ከእጄ ነጠቀችኝ። "ጉንጭህን የምታስደግፍበት መሣሪያ ቅቤ እየላሰ አንተ ጾምሁ ልትል ነው?" አለችኝ። ጣሊያንን መዋጋት ይሻላል፤ ከሷ ጋር ማን ይከራከራል? የኑግ ዘይት ሰጠችኝ፣ እኔም ጠመንጃዬን እስኪጠግብ አጠጣሁት።

ዛሬ መካኒካል ኢንጂነሪንግ የሚያስተምር ፕሮፌሰር የወንድም ልጅ አለኝ። ዕድሜውን የፈጀው በሰበቃ፣ በብረት መበላትና በቅባት ምርምር ነው። የኑግ ዘይት ነፋስ ሲያገኘው ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛል ብሎ አስረዳኝ። ወይ ጉድ! እሱ ስንት ዓመት የተማረበትን እኔ በአንድ ጧት ጨርሼዋለሁ።

ያን ጧት ጉም ወርዷል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የጣሊያን ካፖርት የለበሰ አንድ ሰው ሽቅብ ወደኔ ይመጣል። አነጣጠርሁና ቃታ ሳብሁ። ቀጭ አለና ዝም! መርፌው በደረቀው ዘይት ተይዞ ጥይቷን ዳበሳት እንጂ አልመታትም። "አንተ የተረገምህ ብረት!" ብዬ ጮኽሁ።

ሰውየው ቀና ሲል፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ አያሌው ናቸው! ካፖርቱን ከማረኩት ወታደር ገፈው ለብሰው፣ ስንቅ ሊያቀብሉን መምጣታቸው ነው። ገድያቸው ቢሆን ምን ብዬ እቤቴ እገባ ነበር? ጌታዬ ተመስገን እያልሁ መሬቱን ሳምሁ።

እሳቸው ግን ጠመንጃዬን ነጥቀው ሲያዩት በቁጣ ገነፈሉ። እንዲህ ነው ወይ የመሣሪያ አያያዝ፣ እኔ ጣሊያን ብሆን ኖሮ ይኸኔ ሞተህ ነበር እያሉ አለቃችን ዘንድ ከሰሱኝ። ሳምንት ሙሉ ውኃ ቅዳ ተብሎ ተፈረደብኝ፤ እየዘፈንሁ ቀዳሁ።

ጋሼ አያሌው ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት በጤና ኖሩ። በየሰርጉና በየማኅበሩ፣ "ይኸውላችሁ፣ ቆሞ የመጣለትን ሰው መግደል ያቃተው አርበኛ!" እያሉ ያሳቁብኝ ነበር። እኔም ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ፣ "ዕድሜ ይስጥዎ፣ ጋሼ" እላቸው ነበር።