የካምቢዮ ዘይት በሽማግሌ ፊት

ልጁን ለሐኪም አስረክቦ ማኪያቶ ሊጠጣ የሚወጣ ሰው፣ መኪናውን ለመካኒክ ከሰጠ ግን ሽንት ቤት እንኳ አይሄድም። ልብ ብላችሁ እንደሆነ አላውቅም። የአዲስ አበባን ጋራዦች ዞር ዞር ብላችሁ እዩ፤ በተከፈተ ኮፈን ሁሉ አጠገብ ሁለት ሰው አለ፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው የሠሪውን እጅ ያያል። የሚያየው ሰውዬ ስለ ሞተር የሚያውቀው ነገር የለም፤ ዓይኑ እያየ ቢሰረቅም አያውቅም። ብቻ ያያል። እግሩ ሲዝል ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ ያያል፤ ሲርበው ሳምቡሳ አስመጥቶ፣ ዓይኑን ከመካኒኩ ጣት ሳይነቅል ይበላል።

እኔም ከነዚህ አንዱ ነኝ፤ አልክድም። እንዲያውም ከሁሉም የባስኩት ሳልሆን አልቀርም፤ ምክንያቱም የኔዋ መኪና እንደ ሰዉ መኪና አይደለችም። ባለሁለት ወንበር፣ ቀይ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው የስፖርት መኪና ናት። በጎጃም በረንዳ ሳልፍ ባለጋሪዎቹ ጣሪያዋን ቁልቁል እያዩ «ጋሼ፣ ጋሪው ላይ ጫናትና እናድርስልህ» ይሉኛል። መርካቶ ውስጥ የልብስ ቁልፍና ዚፕ ነው የምሸጠው፤ «ቁልፍ ሻጭ የስፖርት መኪና ምን ያደርግለታል?» የሚሉም አሉ። ምን አገባቸው? እኔ እነሱ ቤት ሄጄ ሦስት ቴሌቪዥን ምን ያደርግላችኋል ብያለሁ?

ወደ ነገሬ ልመለስ። ባለፈው ክረምት ይቺው መኪናዬ ሁለተኛ ማርሽ ሳስገባ «ክርርር» ማለት ጀመረች። ድምፁ ጥርሴ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያመኝ። ወደ ጋሽ ሰይድ ወሰድኳት። ጋሽ ሰይድ በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው አብነት አካባቢ አነስተኛ ጋራዥ የከፈቱ፣ ጸጉራቸውም ቱታቸውም አብረው የሸበቱ መካኒክ ናቸው። ዓመታት ሙሉ መኪና ያዩልኝ እሳቸው ናቸው። አስነስተው አንድ ዙር ነዱና «እኔ ስነዳት አትጮህም፤ ግን የካምቢዮ ዘይቷ ሳይቀየር ቆይቷል፣ እንቀይረውና እንያት» አሉ። ካምቢዮ ማለት ማርሾቹ ተሰብስበው የሚኖሩበት ብረት ነው፤ ከሞተሩ የተለየ የራሱ ዘይት አለው። ይህን ሳያውቅ ዕድሜ ልኩን የነዳ ስንት ሰው አለ!

ዘይቱን ራሴ መርጬ ገዛሁ፣ ራሴ ተሸክሜ ወሰድኩ፣ ራሴ አጠገባቸው ቆምኩ። ገና አንዱን ቡሎን ሲፈቱ ስልኬ ጮኸ፤ ከክፍለ ሀገር የመጣ ደንበኛ ሱቄ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ሄድኩ። ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆነኝ ነው። ስመለስ ሥራው አልቋል።

«አሮጌው ዘይትስ?»

«አናጢዎቹ ወሰዱት። ምስጥ እንዳይበላው እንጨት ይቀቡበታል።»

«የአዲሱ ቆርቆሮስ?»

«እሱንም ሰው ወሰደው።»

መርካቶ አካባቢ ባዶ ቆርቆሮ መሬት ላይ ሁለት ደቂቃ እንደማይቆይ እኔም አውቃለሁ። እስቲ ግን በኔ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። አሮጌው የለም፣ ቆርቆሮው የለም፣ እኔም አልነበርኩም። አስነስቼ ወጣሁ። አንደኛ። ሁለተኛ። ክርርር!

ደሜ ፈላ። በዚያው ቅጽበት ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታየኝ፤ ዘይቴ ተሽጧል፣ ካምቢዮዬ ከነአሮጌ ዘይቱ ነው የተመለሰልኝ። ጋሽ ሰይድን ግን አልሰደብኳቸውም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እኔ ሰው አልሰድብም። ያወራሁት ብቻ ነው። ጎማዬን ለሚጠግንልኝ ጎሚስታ አወራሁ፣ ለጸጉር አስተካካዬ አወራሁ፣ እድር ስብሰባ ላይ «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳ ስር አወራሁ። ሰውም እንዴት እንደሰማኝ! ስለ ዚፕ ሃያ ዓመት ሳወራ እንዲህ የሰማኝ የለም። የተሰረቀበትን የማያወራልኝ ጠፋ፤ አንዱ ፓምፑን፣ አንዱ ባትሪውን፣ አንዱ መጥረጊያውን። ወሬውም ከኔ ሲወጣ ጥቂት ሊትር ዘይት ነበር፤ ዞሮ ወደ እኔ ሲመለስ ሰውየው ካምቢዮዬን እንዳለ በአሮጌ ለውጠውታል ተባለ። ይህን እኔ አላልኩም። አይደለምም አላልኩም።

አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ የጋሽ ሰይድ በር ጭር አለ። ለዓመታት ሁለት ሚኒባሶቹን እሳቸው ጋ የሚያሠራው ሰውዬ ሁለቱንም ወደ ሌላ ጋራዥ ወሰዳቸው። ጋራዡ የኪራይ ነው፣ መሣሪያው ያረጀ ነው፤ ሰውየው ያላቸው ስማቸው ብቻ ነበር። በዚያ በኩል ሳልፍ በር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አያቸውና፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ሽማግሌ ላኩብኝ። በኔ ላይ! ተበዳዩ እኔ፣ ሽማግሌ የሚላክበት እኔ! የመጡት ሦስት ናቸው። እህል በረንዳ ጤፍ የሚያከፋፍሉት ሐጂ ኑሩ፣ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወልዴ፣ እና ከመጡ ጀምሮ እስኪሄዱ ያንቀላፉ አንድ ጡረተኛ ሻምበል። «ስሙን አጥፍተሃል ይላል። ምን ትላለህ?» አሉኝ ሐጂ ኑሩ።

እኔም በቁጣዬ ላይ የተንኮል ሐሳብ መጣልኝ። «እኔ ምንም አልልም» አልኩ። «ቅዳሜ ግቢዬ ኑ፤ እሳቸውንም ይዛችሁ ኑ። ካምቢዮውን በፊታችሁ እከፍተዋለሁ። ጥቁር ዘይት ከወጣ ሌባው ማን እንደሆነ ታያላችሁ።» ሌላ መካኒክ እንጥራ ቢሉኝ እምቢ አልኩ፤ መካኒክ ለመካኒክ ያዳላል። ራሴ፣ በቤቴ፣ በገዛ እጄ ነው የምቀይረው። ሳምንቱን ሙሉ ስልኬ ላይ ቪዲዮ አየሁ። ለመሙያ የሚሆን ያንኑ ዓይነት ዘይት ዳግመኛ ገዛሁ። የዘይቱ መልክ ከሩቅ እንዲታይ የባለቤቴን ነጭ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ደበቅኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ በፕላስቲክ ወንበር ተደረደሩ። ጋሽ ሰይድ የታጠበ ሸሚዝ ለብሰው ራቅ ብለው ተቀመጡ። የግቢው ጎረቤት ሁሉ ልብስ የሚያሰጣ መስሎ ወጥቷል። ዘይቱ እንዲቀጥን መኪናዋን ትንሽ አሙቄያት ነበር፤ በክሪክ አነሳኋትና በአራት ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት። ከስር ልገባ ስል ሆዴ አላስገባ አለኝ። ተስቤ፣ ትንፋሼን ውጬ ገባሁና የታችኛውን የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን በቁልፍ ያዝኩ።

«የላዩን! መጀመሪያ የመሙያውን ክፈት!» ብለው ጮኹ ጋሽ ሰይድ። «የታቹን አፍስሰህ የላዩ እምቢ ቢልህ በምን ልትሞላ ነው?»

«ተከሳሽ ዝም ይበልልኝ!» አልኩ ከስር።

«ተው፣ ሙያው ነው፤ ይናገር» አሉ ሐጂ ኑሩ።

የላዩን ከፈትኩ። እርግጥም እንደ ጉድ ነበር የጠበቀው፤ ክርኔ ተላጠ። ይሄ ግን ምንም አያረጋግጥም። ቀጥሎ የታቹን ፈታሁና እጄን ነጠቅ አደረግኩ።

ዘይቱ ወረደ። ጠራ ያለ፣ ወርቃማ፣ ማር የመሰለ ዘይት እየተገመደ ነጩ ሳፋ ውስጥ ተንቆረቆረ። ከስር ሆኜ ጥቁሩ እስኪመጣ ጠበቅኩ። አልመጣም። ሐጂ ኑሩ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ሳፋው ውስጥ ነከሩ፤ ሌላውን ጣታቸውን አዲሱ ቆርቆሮ ውስጥ ነከሩ፤ ጤፍ እንደሚመርጡ ሁለቱንም አሹ፣ አሸተቱ፣ ለጋሽ ወልዴ አቀበሉ። «አንድ ነው» አሉ።

እኔ ግን የምሸነፍ ሰው አይደለሁም። «ሰሞኑን በድብቅ ቀይረውት ነው!» አልኩ።

«መኪናው አንተ ግቢ አይደለም እንዴ የሚያድረው?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«ታዲያ ለምን ትጮሃለች? ዘይቱ አዲስ ከሆነ ለምን ትጮሃለች?»

ጋሽ ሰይድ ተነሡ። የሹፌሩን በር ከፍተው አጎንብሰው ወደ ውስጥ አዩና ብዙ ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን ሰደው ከፍሪሲዮኑ፣ ማርሽ ሲቀየር ከሚረገጠው ፔዳል ስር ምንጣፍ ጎተቱ። ወፍራም፣ ጸጉራም፣ ቀይ ምንጣፍ። ቀዩ እንዳይቆሽሽ ያነጠፍኩበትን ሌላ ምንጣፍ ጎተቱ። ሁለቱም እንዳይቆሽሹ የደረብኩትን ወፍራም ላስቲክ ጎተቱ። ሁሉንም ሽማግሌዎቹ ፊት ከመሩት። በክረምቱ ጭቃ ምክንያት የገዛኋቸው ናቸው። ፔዳሉ በነሱ ላይ እያረፈ እስከ ታች አይወርድም ነበር፤ ፍሪሲዮን እስከ ታች ካልተረገጠ ደግሞ ማርሽ ይጮሃል። ይህን እኔም ከቪዲዮው አይቻለሁ።

«ጋራዥ ስታመጣት እነዚህ አልነበሩም» አሉ ጋሽ ሰይድ።

እንዴት ይኖራሉ? መኪና ጋራዥ ስወስድ የመካኒክ ጫማ እንዳይነካቸው ጠቅልዬ ከኋላ እከታቸዋለሁ፤ ተረክቤ ስወጣ ደግሞ እዚያው በሩ ላይ አቁሜ መልሼ አነጥፋቸዋለሁ። እናንተስ እንዲህ አታደርጉም? አትዋሹ።

አዲሱን ዘይት ጋሽ ሰይድ እየነገሩኝ ሞላሁ። አፉ በተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክና በቱቦ፣ በመሙያው በኩል ተርፎ ጠብ እስኪል። መኪናዋን አወረድናት፤ አስነሣሁ፤ ፍሪሲዮኑን ረገጥኩት፤ እግሬ ወደማያውቀው ጥልቀት ወረደ። ሁለተኛ ማርሽ ጸጥ ብላ ገባች። ያን ቀን ብትጮህልኝ ምን ነበረበት!

እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሜ እግራቸው ስር ልወድቅ ጎንበስ አልኩ፤ ከአራቱ ድንጋዮች አንዱን ይዤ ነበር። ጋሽ ሰይድ ያዙኝ። «ድንጋዩ ምን ያደርግልኛል?» አሉ። «እኔ ይቅር ብያለሁ፣ ወላሂ። አንተ ግን ያወራህበት ቦታ ሁሉ ሄደህ ይህንንም አውራ።» ሽማግሌዎቹ ፍርዱ ይኸው ነው ብለው መረቁን። አፈርኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እናም ዞርኩ። የተናደድኩት እንግዲህ እዚህ ላይ ነው! ጎሚስታው ጋ ሄጄ «ጋሽ ሰይድ ንጹሕ ሰው ናቸው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ስለው ፈገግ አለ። «ሽማግሌ ገባ አሉ?» አለኝ። «አዎ፣ ግን…» «በቃ ገባኝ። ታረቃችሁ። ጥሩ አደረግክ።» ጸጉር አስተካካዬ ምላጩን አንስቶ በመስታወቱ ውስጥ ጠቀሰኝ፤ «አንተ ጨዋ ሰው ነህ፤ ከታረቁ በኋላ ገመና መሸፈን ነው» አለኝ። እድር ላይ ተነሥቼ ምንጣፎቹን እስከ ላስቲኩ ብዘረዝር አጨበጨቡልኝ፤ ስለ ይቅር ባይነቴ! ወገኖቼ፣ ስዋሽ በአንድ ቃል ያመናችሁኝ ሰዎች፣ እውነት ስናገር ለምን ትጠቅሱኛላችሁ? ያለ ማስረጃ የዋጣችሁትን ከነማስረጃው ለምን ትተፉታላችሁ? ያስታረቁን ሽማግሌዎች ራሳቸው ለጋሽ ሰይድ ምስክር ሆነው ቢናገሩም ያው ነው፤ ሽማግሌ ሥራው ማለሳለስ ነው ይባላል።

በአፍ ካልሆነ በዓይን ይሁን አልኩ። ሐሳቡ የኔ ነው፣ ጋሽ ሰይድ አልጠየቁኝም። በየቅዳሜው ቀይዋን መኪናዬን አጥቤ፣ ወልውዬ፣ ጋራዣቸው በር ላይ፣ የአብነት መንገደኛ ሁሉ በሚያያት ቦታ አቆማታለሁ። «ዘይቴን ሸጠዋል ያለው ሰውዬ ራሱ ተመልሶ እሳቸው ጋ ይመጣል» ይባል ብዬ ነው። ሰባት ቅዳሜ አቆምኳት። በሰባተኛው ጋሽ ሰይድ ከአንድ አሮጌ ፒክአፕ ስር ተኝተው ይሠራሉ፤ የመጣላቸው ሥራ በሳምንቱ እሱ ብቻ ነበር። እኔ አጠገባቸው ጎማ ላይ ተቀምጫለሁ። ሁለት ሰዎች ታክሲ እየጠበቁ በሩ ላይ ቆሙና አንዱ በአገጩ ወደ መኪናዬ አመለከተ።

«ይቺ ቀይ መኪና አሁንም እዚህ ናት እንዴ?»

«ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ሰውየው አልቻሏትም፤ ሥራ አይችሉም ማለት ነው።»

እርር ብዬ ተነሣሁ። ምንጣፎቹን፣ ሳፋውን፣ የሐጂ ኑሩን ጣት፣ ሁሉንም ላፈነዳው አፌን ስከፍት፣ ዘይት የጠጣ እጅ ከፒክአፑ ስር ወጥቶ የሱሪዬን ጫፍ ያዘ።

«ታደሰ» አሉኝ ጋሽ ሰይድ ቀስ ብለው፣ «በአላህ፣ አንተ ብቻ አትናገርልኝ።»