የባኬ ጃማው የዝናብ ዘበኛ

ነቀምቴ ውስጥ፣ ሰማይ ገና ማጉረምረም ሲያስብ ቀድሞ የሚሰማ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ለባኬ ጃማ የደረሷት ክቡር ኦቦ ሞረዳ ናቸው፤ ማንም ያልሾማቸው የመብራት ሚኒስትር። ደመና ሲጠቁር ከበር በር እየሮጡ «ቆጣሪ አጥፉ! ውሃና መብራት ባላንጣ ናቸው!» ይላሉ። የድርቤን ፀጉር ቤት ካስክ አስነቅለው፣ ሙሽራ በግማሽ የደረቀ ፀጉር ተድራለች። ይቅርታ ጠየቁ? ጭራሽ ምስጋና ጠበቁ!

ጎረቤታቸው ናኦሚ የምትለፋው ደግሞ ባላንጣዎቹን ለማስታረቅ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ናት። በዓይን ከማይታዩ የካርቦን ቱቦዎች የተሠራች፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች ጥቁር ሽፋን አላት። የውሃ ጠብታ ሲያርፍባት ትወጠራለች፤ ስትወጠር ጥቂት ኤሌክትሪክ ታመነጫለች። መጀመሪያ ያየች ዕለት ናኦሚ እንባዋ መጥቶ ነበር። ከጠብታ!

«ስልክ ይሞላል?» አሉ ኦቦ ሞረዳ፣ ስታስረዳቸው።

«ገና ነው። አምፖልም አያበራም።»

«ማሎ ኢንተላ ኮ! እባክሽ ልጄ፣ ታዲያ ለምን ታበሰብሽዋለሽ?»

ያን ቀን ንዴቷን ዋጠች። ሰሞኑን ግን የሚዋጥ አልነበረም። ሽፋኗ በእውነተኛ ዝናብ ካልተፈተነች ምርምሩ ይቋረጣል ተብላለች፤ ክረምቱም ሊወጣ ነው። ስለዚህ ሰማዩ ሲጠቁር ሽፋኗን ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አኖረች፤ ሽቦውን በመስኮት አስገብታ ከላፕቶፗ ጋር አገናኘች።

ዝናቡ ወረደ። ጣሪያው ተንጫጫ። ላፕቶፑ ላይ የኤሌክትሪኩን መጠን የሚያሳየው መስመር ግን እንደ ሬሳ ተጋደመ።

ወጥታ ብታይ፣ ኦቦ ሞረዳ ኮታቸውን አውልቀው ከሽፋኗ በላይ እንደ ድንኳን ወጥረዋል።

«ኦቦ ሞረዳ! ምን እየሠሩ ነው?»

«ረስተሽው ነዋ! ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል!»

«እንዲዘንብበት እኮ ነው ያወጣሁት! ካባራ አለቀልኝ! ያንሱልኝ!»

«በነጎድጓድ? አብደሻል?»

እኚህን ሰውዬ ከሰፈር የሚያስወጣ ሕግ የለም? ኮቱን ልትነጥቅ እጇን ስትሰድ ሰማዩ ተሰነጠቀ። ነጎድጓድ ሲሰሙ አልጋ ሥር ይገባሉ የሚባሉት ሰውዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ኮቱን ግን አልለቀቁም።

«መጀመሪያ አንቺ ግቢ» አሉ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ። «ያኔ አነሳዋለሁ።»

ገባች። ኮቱ ተነሳ። መስመሩ ብድግ አለ፤ ወረደ፤ እንደገና ዘለለ። ስታልመው የኖረችው ጭፈራ ከፊቷ ነበር፤ እሷ ግን ለበሰበሱት ኦቦ ሞረዳ ፎጣ ፍለጋ ሮጠች።