ሳትታመም የምትታከም አውሮፕላን

የግል አውሮፕላን ያለው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በቅሎ አከራይ ነኝና፣ በአውሮፕላናቸው ላሊበላ የመጡ አንድ ባለጸጋን ወደ አሸተን ማርያም ይዤ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ወሬያቸው ስለ አውሮፕላኗ ነበር።

«ደህና ብትሆንም ሞተሯ በየጊዜው ይፈተሻል፤ ጎማዋ ሳያልቅ ይቀየራል። እስክትበላሽ የሚጠብቅ ሞኝ ነው!» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እኛ ጣራ የምንጠግነው ዝናቡ አልጋችን ላይ ሲወርድ አይደል? አፌን ከፍቼ አዳመጥኳቸው።

አቀበቱ ሲብስ ከበቅሎዋ ወረዱ። ጥቂት እንደተራመዱ ደረታቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ደንግጬ ውሃ ሰጠኋቸውና፣ «ጋሼ፣ ለመሆኑ ሐኪም ያየዎት መቼ ነው?» አልኳቸው።

ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ተቆጡኝ፤ «ምን ሆኜ?»