የኪማኒ ኮፍያ

ሰው በኮፍያ ያዝናል እንዴ? እኔም እንደናንተ እስቅ ነበር፤ ኪማኒን እስካውቅ ድረስ።

ኪማኒ ኬንያዊ ነው። ካፒቶል ሂል ያለ አንድ ሆቴል በር ላይ አብረን የእንግዳ መኪና ፓርክ እናደርጋለን። የሲያትል ዝናብ መቼም ታውቁታላችሁ። እሱ ግን ጃንጥላ አይዝም። አንዲት አረንጓዴ ኮፍያ አለችው፤ ቀለሟ የለቀቀ፣ ጫፏ የተተለተለ፣ ላብ እንደ ካርታ የደረቀባት።

አንድ ቀን ለምን አታጥባትም ብዬ ብጠይቀው፣ የሰደብኩት ይመስል አፈጠጠብኝ። ለካ በወጣትነቱ ለአገሩ ብሔራዊ የክሪኬት ቡድን ተጫውቷል! ክሪኬት ምንድን ነው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ደጋግሞ አስረድቶኝ የገባኝ፣ ኳስ በዱላ እንደሚመታና መሃል ላይ ሻይ እንደሚጠጣ ብቻ ነው። የኮፍያዋ ነገር ግን ገባኝ። ሱቅ ውስጥ አትሸጥም። ለአገርህ መጀመሪያ የምትሰለፍ ዕለት፣ ጠዋት ሜዳው ላይ ቡድኑ ክብ ሠርቶ ቆሞ፣ አንድ የድሮ ተጫዋች ያጠልቅልሃል። ባረጀች ቁጥር ትከብራለች። ኪማኒ የተሰለፈው ለአንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ ከዚያ ጉልበቱ ተጎዳ። ሶ፣ ከዚያ ሁሉ የተረፈችው እሷ ብቻ ናት።

አዲስ ማናጀር መጣችልን። ክፉ አይደለችም፤ ችግሩም እሱ ነው። ፈገግ ብላ ስማችንን ትጠይቃለች፣ ወዲያው ትረሳዋለች። አንድ ቀን የሠራተኞች ማረፊያ ክፍሉን ካላጸዳሁ ብላ ተነሳች። ኪማኒ ከሥራ ሲወጣ ኮፍያዋን የሰቀለበት መንጠቆ ባዶ ነው።

«ያቺን አሮጌ ነገር? ጣልኳት እኮ፤ ትሸት ነበር» አለችው።

ወደ ጓሮ ሮጠ፣ ተከተልኩት። የቆሻሻ መኪናው አንስቶ ሄዷል። ኪማኒ ባዶው ገንዳ ውስጥ ገብቶ ፈለገ። ባዶነቱ እየታየ!

«ኪማኒ፣ በቃ ውጣ» አልኩት።

«ያን ቀን እናቴ ሜዳው ዳር ቆማ ነበር» አለኝ።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይላል ያገሬ ሰው። ውሸት ነው። እዚህ ሳይንቁህም ይነቀንቁታል፤ ባለቤት እንዳለው መች ልብ ብለው?

በማግስቱ ማናጀሯ የከተማዋን የቤዝቦል ቡድን ኮፍያ ገዝታ መጣች። ሁላችንንም ሰብስባ፣ ሶሪ እያለች ሰጠችው። አንዳንዱም አጨበጨበ። እኔማ አሁን ይወረውርባታል ብዬ ጠበቅኩ። ኪማኒ ጎንበስ ብሎ አመሰገነና አጠለቃት።

ደግሞ ልክ ሆነችለት። ምናለ እንኳ ብትጠበው!