ማሽኑ ከሥራ የተሰናበተበት ቀን

ትናንት ከምሳ በኋላ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ። በሕልሜ ጽጌ ማስቲካ ፋብሪካ በር ላይ ቆሜያለሁ። ፋብሪካው ከፈረሰ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ይህን በሕልሜም አውቀው ነበር፤ ግን ቆሟል፣ ግቢው ሁሉ እንደ ድሮው ሙዝ ሙዝ ይሸታል።

በሩ ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር። ከሳሪስ፣ ከቃሊቲ፣ ከመርካቶ የመጡ ሰዎች ያኘኩትን ማስቲካ በመዳፋቸው ይዘው ተሰልፈዋል። ተራቸው ሲደርስ ያስረክባሉ፤ ሠራተኞቹ ጣዕሙን መልሰው፣ በወረቀት ጠቅልለው አዲስ አድርገው ይሰጧቸዋል። አንድ ሽማግሌ የእሳቸውን ተቀብለው ገለጥ አድርገው አዩትና፣ "ይሄ እኮ የሠርጌ ቀን ያኘኩት ነው" ብለው አለቀሱ። ማንም አልተገረመም።

በእኛ ጊዜ ሠራተኛ ወደ ቤቱ ሲሄድ ማስቲካ ደብቆ እንዳይሆን እስከ ካልሲው ድረስ ይፈተሽ ነበር። በሕልሜ ግን ባዶ ኪስ መውጣት ክልክል ነው። የፋብሪካው ጌታ አቶ ሸዋንግዛው ራሳቸው ባዶ እጃቸውን ሊወጡ ሲሉ ተይዘው፣ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ፈታሿ የኮታቸውን ኪስ በማስቲካ እስክትሞላው ድረስ አላሳለፈቻቸውም።

አቶ ሸዋንግዛው ሥራውን የጀመሩት ተክለ ሃይማኖት አጠገብ በተከራዩት አንድ ክፍል፣ በአንድ ድስት ነበር። ማስቲካውንም በእናታቸው ስም ጽጌ አሉት። ነገሩ ሲሰምርላቸው ፋብሪካ ሠሩ፤ ፋብሪካው ተወረሰ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመለሰላቸው። እንደተመለሰላቸው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ከውጭ የመጠቅለያ ማሽን ማስመጣት ነበር። ማሽኑን እንድይዝ የተመደብኩት እኔ ነኝ። በእጃቸው ይጠቀልሉ የነበሩ አርባ ሴቶች ከሦስቱ በቀር በአንድ ዓርብ ተሰናበቱ። ሚስቴ ሐረገወይን ከተሰናበቱት አንዷ ነበረች። የተዋወቅነውም እዚያው ነው፤ ጣቶቿ ሲፈጥኑ ለዓይን አይያዙም ነበር።

ያን ዓርብ ሥራ አስኪያጁ ጠርተውኝ፣ ከአርባዎቹ ማሽኑን እያገዙ የሚቀሩ ሦስት ሴቶች ምረጥ ብለውኝ ነበር። ለሚስቱ አዳላ እንዳልባል የእሷን ስም አልጠራሁም። ነገሩን ሰምታለች። ከሦስት ዓመት በፊት እስክትሞት ድረስ ግን አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም።

በሕልሜ ወደ ውስጥ ስገባ ማሽኑ ከአስተዳደር ቢሮው ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የስንብት ደብዳቤውን ይዞ ዘይት ያለቅሳል።

"ውብሸት፣ አንድ ቃል ተናገርልኝ እንጂ" አለኝ። "አብረን ሠርተናል።"

አሥራ አንድ ዓመት በጨርቅ የወለወልኩት ማሽን ነው። ቢሆንም እስክሪብቶ አውጥቼ ደብዳቤው ላይ ፈረምኩ። እሱም ገመዱን ከግድግዳው ነቅሎ፣ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ወጣ። በሩ ላይ ፈታሿ በማስቲካ ሞላችው።

ወዲያው አርባዎቹ ሴቶች ነጭ ቆባቸውን እያሰሩ ገቡ። ሐረገወይን መስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛዋ ተቀመጠች። እኔ እንደዛሬው ሽበታም ነበርኩ፤ እሷ ግን መጀመሪያ ባየኋት ዕድሜዋ ላይ ነበረች። ሄጄ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ቀና ሳትል ትጠቀልላለች። ለረጅም ጊዜ ጣቶቿን አየሁ። ሌላ ነገር ባይኖር፣ እሱ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

በኋላ፣ "ያን ቀን ስሜን ለምን አልጠራህም?" አለችኝ።

ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። እንዲሁ ሰዓት ስንት ነው እንደማለት ነው የጠየቀችኝ። ልመልስላት አፌን ስከፍት ውስጡ ማስቲካ ሞልቶበታል። በጣቴ ይዤ ሳብኩት፤ ተመዘዘ። ብስበው ብስበው አያልቅም። ጠረጴዛው ላይ ተቆለለ፣ ወለሉ ላይ ወረደ፣ ሴቶቹ እግራቸውን እያነሱ አሳለፉት።

"አይዞህ፣ አውጥተህ ጨርስ" አለች ሐረገወይን። "እጠብቅሃለሁ። ዛሬ የምሄድበት የለኝም።"

ሳብኩ። ሲቀጥን ታወቀኝ። ሊያልቅ ሲል፣ ቃሉም ምላሴ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ።

ነቃሁ። ነጭ መኪና በሩ ላይ ቆሟል። ተነስቼ ከፈትኩ። ፋብሪካው በነበረበት ቦታ ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ አፓርታማ ተሠርቷል፤ እኔ ጥበቃው ነኝ። ሾፌሯ አራተኛ ፎቅ የምትኖር ጨዋ ልጅ ናት። መስኮቷን ዝቅ አድርጋ፣ ሊፍቱ ወለል ላይ ማስቲካ ተለጥፎ ጫማዋን እንዳበላሸባት፣ ጠዋት የጽዳቷ ሠራተኛ ፍቃ ፍቃ እንዳቃታት ነገረችኝ። በረዶ ካለሽ አምጪልኝ አልኳት። ከፍሪጇ አመጣችልኝ። ሊፍቱ ውስጥ ተንበርክኬ በረዶውን ማስቲካው ላይ አስቀምጬ ትንሽ ጠበቅሁና በቢላ ጫፍ ነካሁት። ሙሉውን ተነሳ።

"ጋሽ ውብሸት፣ ይህን ከየት አወቁት?" አለችኝ።

"ዕድሜ ነው፣ ልጄ" አልኳት።