አሥራ ሁለተኛው መሳቢያ

ኅዳር ዘጠኝ ቀን፣ ማክሰኞ። አሥራ አንድ መሳቢያ በቦታው አለ፤ አሥራ ሁለተኛው የለም።

በየቤተሰቡ «ትንሽ ነው የቀረው» የሚል አንድ ባለሙያ አይጠፋም። እጁ ወርቅ፣ ቀጠሮው ጉም። ሥራውን ጀምሮ፣ አሳምሮ፣ ሊጨርሰው አንድ ሐሙስ ሲቀረው ሜትሩን ይጠቀልልና እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ይሄዳል። የእኛ ቤት ክቡር «ትንሽ ነው የቀረው» አባቴ ነበር፤ አርባ አንድ ዓመት የሠራ አናጢ።

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት የሰው ወረቀት እንዳይጎድል መጠበቅ ነው፤ የጎደለ ነገር እያየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። አባዬ ይህን እያወቀ ለወረቀቶቼ ባለ አሥራ ሁለት መሳቢያ ሣጥን ሠራልኝ። አሥራ አንዱን በአንድ ሳምንት ጨረሰ። የቀረው አንዱ ሦስት ዓመት ፈጀ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቦ ይመጣል። ክፍተቱን ይለካል፣ ቁጥሩን ይጽፋል። ባለፈው ሳምንት ለክተህ የለም ወይ ስለው፣ እንደ ሐኪም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንጨት እኮ ይተነፍሳል» ይላል። ከዚያ ወንበሬን ነቅንቆ፣ መጽናቱን አረጋግጦ ይቀመጣል። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይጠጣል። ለምን እንደከሳሁ፣ አለቃዬ አሁንም ይቆጣ እንደሆነ ይጠይቃል። መሳቢያውን አያነሳም።

ወንበር መነቅነቅ ሰላምታው ነበር። የወንድሜ አማቶች መጀመሪያ የጋበዙን ቀን፣ ምግብ ቀርቦ ሳለ ክቡርነታቸው ጠረጴዛው ሥር ገብተው ተገኙ። የልጅቷ አባት ዕቃ የወደቀበት መስሏቸው አብረውት ተንበረከኩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አቧራቸውን እያራገፉ ሲወጡ ጠረጴዛው መወዛወዙን አቁሟል፤ እነሱም ወንድም ሆነዋል።

ወንድሜ ግን አባዬ የሠራለትን ቁምሳጥን የሚከፍተው በሹካ ነው፤ እጀታው ትንሽ ቀርቶታል። የእህቴ መደርደሪያ የታችኛው ጣውላ ስለሌለው መጻሕፍቷ መሬት ላይ ይተኛሉ።

አንድ ቅዳሜ ትዕግሥቴ አለቀ። «አባዬ፣ ካቃተህ ንገረኝ፤ ሌላ አናጢ ልጥራ» አልኩት።

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ሜትሩን ጠቀለለ፤ ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ። ሁለት ቅዳሜ ሳይመጣ ቀረ። በሦስተኛው መጥቶ ምንም እንዳልተፈጠረ ለካ። ይቅርታ አልጠየቅኩትም። መሳቢያው ሲያልቅ እጠይቀዋለሁ ብዬ አቆየሁት።

ኅዳር ዘጠኝ ከሞተ በኋላ የትእዛዝ ደብተሮቹን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ሌሎች በእንባ ሲያለቅሱ እኔ በፋይል ነው የማለቅሰው። ሰባት ደብተር አገላበጥኩ። አልጋ፣ በር፣ የትምህርት ቤት ወንበር፣ ሁሉም በቀጠሮው ቀን ለባለቤቱ ተሰጥቷል፣ ሁሉም ምልክት ተደርጎበታል። አንድ ቀን ያሳለፈበት ደንበኛ የለም። ምልክት የሌላቸው ሦስት ብቻ ናቸው፤ የወንድሜ፣ የእህቴ፣ የእኔ።

ስህተት እንዳገኘ ተቆጣጣሪ ደብተሩን ይዤ እማዬ ዘንድ ሄድኩ። ለባዕድ ቀጠሮ አክብሮ የበደለው እኛን ብቻ ነው አልኳት።

እማዬ ሸሚዞቹን ማጣጠፏን አላቋረጠችም። «ያንቺ መሳቢያ አልጋችን ሥር ነው። ከሠራው ሦስት ዓመቱ።»

«ታዲያ ለምን አላመጣውም?»

«ካመጣው በኋላ ምን ብሎ ይምጣ? አባትሽ ልጄ ናፈቀችኝ ብሎ በር ማንኳኳት አያውቅበትም። ቦርሳውን ካልያዘ ያፍራል።»

ተንበርክኬ ከአልጋው ሥር አወጣሁት። በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጠርዙ ተልጎ፣ ተወልውሎ እንደ ጉንጭ ለስልሷል። ብዙ ቆይቼ መልሼ ጠቀለልኩትና እዚያው አስገባሁት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የምሄደው እኔ ነኝ። ሜትር ይዣለሁ። እማዬ ሻይ ትቀዳለች፤ መሳቢያው የት ደረሰ ብላ ትጠይቀኛለች፤ ትንሽ ነው የቀረው እላታለሁ።

መዝገቡ እንዲሟላ የሚከተለውን እጨምራለሁ። እማዬ ያዘዘችውን ሥራ አባዬ አሳድሮ አያውቅም፤ ከእሷ ጋር ለመቀመጥ ሰበብ አያስፈልገውም ነበር። ያ ማክሰኞ፣ ልቡ ከመቆሙ ሁለት ሰዓት በፊት፣ የወጥ ቤቱ አምፖል ተቃጥሏል አለችው። ሱቅ ወርዶ ገዛ፣ በርጩማ ላይ ወጥቶ ቀየረ፣ ማብሪያውን ሁለት ጊዜ ሞከረ፣ በርጩማውን ወደ ቦታው መለሰና እጁን ታጠበ።