ለምስክርነት የተጠራው በቀቀን

ቀናተኛ ነኝ ብሎ በአፉ የሚናገር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። ሰው ቁጡ ነኝ ይላል፣ ሆዳም ነኝ ብሎ ይስቃል፣ እንቅልፋምነቱን እንኳ እንደ ሙያ ያወራዋል። ወደ ቅናት ሲመጣ ግን ሁሉም ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ነው የሚቀስር። እኔም ስንት ዘመን እንዲሁ ስቀስር ኖሬ፣ ዛሬ ጥርሴ ካለቀ ወዲያ ልናዘዝ። ቀናተኛ ነበርሁ። ያውም በሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በወፍ ቀንቻለሁ።

ነገሩ በጣሊያን ጊዜ ነው። እኔ ያን ጊዜ የቡሬ ነጋዴ ነኝ። ትልቅ ነጋዴ እንዳትሉኝ፤ ሦስት አህዮችና አንዲት በቅሎ ይዤ ጨውና በርበሬ ወደ ማንኩሳና ዛሬ ፍኖተ ሰላም ወደምንላት ከተማ የማመላልስ ሰው ነኝ። ሚስቴ የውብዳር ትባላለች። የውብዳር መልክ አላት፣ ሙያ አላት፣ ጠባይ አላት፤ እኔን የቸገረኝም ይኸው ነው። መልከ ጥፉ ያገባ ነጋዴ በሄደበት ገበያ ለጥ ብሎ ይተኛል። እኔ ግን ገላዬ ማንኩሳ፣ ልቤ ቡሬ ነበር የሚያድር። የቡሬው የጣሊያን ምሽግ በወታደር ተሞልቷል። የጣሊያኑ አስተርጓሚ ደግሞ ጫማውን ወልውሎ በየቀኑ በደጃችን ያልፋል። በሌላ መንገድ አያልፍም ወይ? መንገዱ አንድ ነው አትበሉኝ፤ አንድ መሆኑን እኔም አውቃለሁ።

በቀቀኑን ያመጣሁ ራሴ ነኝ። ከምሽጉ ወጥ ሠሪዎች አንዱ ጣሊያን ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ዕቃውን በአህዮቼ ጫንሁለት። እሱም በምስጋና ፈንታ ከነሽቦ ጎጆው አንድ ወፍ አሸከመኝ። ላባው ግራጫ፣ ጭራው ቀይ፣ ምንቃሩ ቆልመም ያለ ነው። ሎሬቶ ነው ስሙ አለኝ። እኔ በመንገድ ላይ ስሆን የውብዳር ብቻዋን እንዳትከፋ ብዬ፣ በደግ ልብ፣ ይዤላት ገባሁ። አያችሁ ሞኝነት?

ሎሬቶ የሰማውን ሁሉ ይደግማል። እንቁላል እንደ ጣለች ዶሮ ይጮኽና የውብዳር ጎጆ ለጎጆ ስትበረብር ትውላለች። ውሻችንን በስሙ ይጠራውና ውሻው ሲደርስ ዘወር ብሎ ላባውን ያበጥራል። የከፋው ግን የጥሩንባው ነው። ጣሊያን ባንዲራውን ሲሰቅልና ሲያወርድ ጥሩንባ ያስነፋ ነበር። ያን ጊዜ መንገደኛ ሁሉ ባለበት ቆሞ እጁን ወደ ፊት ካልዘረጋ በጥፊ ይባላል። ሎሬቶ ይቺን ለመዳትና በጠራራ ፀሐይ ነፋት። ጎረቤታችን አያ ተገኝ እጃቸውን ዘርግተው ድርቅ ብለው ቆመው ሳሉ፣ ፍየል የዘር ጥራጥሬያቸውን ጥርግ አድርጋ በላች። ነገሩ ሲገባቸው እየተንቀጠቀጡ መጥተው፣ ለጣሊያን መቆሜ ሳያንስ ደግሞ ለወፍ ልቁም ወይ ብለው ጮኹብኝ። እውነታቸውን ነው። ስለ አርበኞች ወሬ ይዘው ይመጡ የነበሩ ወዳጆቼም፣ ወፉ ሰምቶ እንዳይደግምባቸው ፈርተው፣ ከዚያ ወዲህ ቤቴ ሲገቡ ስለ ዝናብ ብቻ ማውራት ጀመሩ።

ጠባዩን ማረም ግድ ሆነ። እኔ በዱላ ሽቦውን መታሁ፤ እሱ የዱላውን ድምፅ ለመደ። የውብዳር ግን ዘዴ አላት። ጥሩንባ ሊነፋ ጉሮሮውን ሲነፋፋ ጋቢ ጣል ታደርግበታለች፤ ጨዋ ሆኖ ሲውል ደግሞ ሱፍ በጣቷ እየፈለፈለች ታጎርሰዋለች። በሁለት ወር ጥሩንባውን ተወ፤ ጨርሶ ባይተወውም አሳነሰው። ይህ ሁሉ ባልከፋ ነበር። ታዲያ ስታጎርሰው ምን ትለዋለች መሰላችሁ? የኔ ጌታ! እኔ ከመንገድ አቧራ ጠግቤ ስገባ እንደምን ዋሉ ብላ ውኃ ታቀርባለች፣ እግሬን ታጥባለች፣ ያም ጨዋነት ነው። የኔ ጌታ ግን የሱ ነው! የሱፍ ቅርፊት በጥርሷ ስትሰነጥቅለት ሳይ እርር ድብን እል ነበር። በመጨረሻ ወፍ ከሰው ጋር አያድርም፣ ቤት ያቆሽሻል ብዬ፣ ጎጆውን አውጥቼ ከበቅሎዋ ጋጥ ፊት ለፊት ጣሪያው ክፈፍ ላይ ሰቀልሁት። ይህን ትእዛዝ የሰጠሁ እኔው ነኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከማንኩሳ ስመለስ፣ በቅሎዬን እየሳብሁ አጥሬ ጥግ እንደ ደረስሁ፣ ከግቢዬ ውስጥ የወንድ ድምፅ ሰማሁ። ነይ የኔ ቆንጆ፣ ይላል። ጠጋ በይ። ማን አስከፋብኝ አንቺን? ያለ አንቺ የት እደርስ ነበር? በይ እግርሽን ስጪኝ፣ ጭቃውን ልጠብልሽ።

ልቤ ስንጥቅ አለ። ቆንጆ ማለቱን ተዉት፤ ቆንጆ መሆኗን ማንም ያያል። እግርሽን ልጠብልሽ ማለት ግን ምን ማለት ነው? በእኛ አገር ሚስት የባሏን እግር ታጥባለች፣ ባለቤት የእንግዳውን ያጥባል። ወንድ የሴት እግር ሲያጥብ ያየሁት ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ ነው፤ ያውም ቄስ። ይኼ ሰውዬ እንግዲያ የወደደ ብቻ አይደለም፤ ያበደ ነው!

ዱላዬን ይዤ ዘልዬ ገባሁ። የውብዳር ደጃፉ ላይ ብቻዋን ጤፍ ትነፋለች። አልጋ ሥር አየሁ፣ ጎተራው ውስጥ አንገቴን አስገባሁ፣ ከአቧራ በቀር የለም። ወደ ውጭ ስመለስ በቅሎዋ በራሷ ጊዜ ወደ ጋጧ ገብታለች፤ ሎሬቶም እሷን እያየ ያንኑ ቃል፣ በዚያው የወንድ ድምፅ፣ ሀ ብሎ ጀመረ። ተመስገን፣ ለካ ወፉ ነው ብዬ ተነፈስሁ። ግን አንዴ ብቻ ነው የተነፈስሁ። ወፍ ከራሱ አይፈጥርም! የሰማውን ነው የሚል። ስለዚህ አንድ ወንድ እዚህ ግቢ ቆሞ፣ አንዴ ሳይሆን ወፍ እስኪያጠናው ድረስ፣ ይህን ሲል ከርሟል ማለት ነው።

የማን ድምፅ ነው ብዬ የውብዳርን አፋጠጥኋት። ዐይን ዐይኔን አየችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ደረቀና ዐይኗ እንባ አቀረረ። አላወቁትም ወይ? አለችኝ። ባውቀው እጠይቅሽ ነበር ወይ? አልኋት። እንግዲያው አልነግርዎትም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ እየሰማሁ የቻልሁትን ዛሬ እርስዎ ይድረሱበት፣ አለችና ወንፊቷን አንሥታ ገባች። ሰባት ዓመት! ከተጋባን ስምንተኛችን ነው እኮ!

ከዚያ ወዲያ ምን እንቅልፍ አለ? ቡሬን እየዞርሁ የሰው ድምፅ ማዳመጥ ያዝሁ። አስተርጓሚውን አናገርሁት፤ ድምፁ ቀጭን ነው። ልብስ ሰፊውን አናገርሁት፤ ኮልታፋ ነው። ይኼ የኔ ጠላት ድምፁ ጎርነን ብሎ ትንሽ ይነፋነፋል፤ ቃሉን ደግሞ መጨረሻው ላይ ይጎትተዋል። እንዴት ያለ አስጠሊ ድምፅ ነው! ምን አይታበት ነው እያልሁ፣ ብቻዬን መንገድ ለመንገድ ስብከነከን ሰነበትሁ። ቆንጆ ድምፅ ቢኖረው እንኳ አንጀቴ እንዲህ ባላረረ።

ጣሊያን ፍርድ ቤት አልሄድም። የሚስቴን ነገር ለባዕድ ላቀርብ ነው? ያውም በአስተርጓሚው አፍ? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሾላው ሥር፣ ሦስት ሽማግሎች አስቀመጥሁ። ሰብሳቢው እኒያው አያ ተገኝ ናቸው። አገሩም ወሬ ሰምቶ ከበበን። በቅሎዬን ራቅ አድርጌ አሰርሁና፣ ነጠላዬን አደግድጌ፣ ከዘራዬን ተክዬ ሙግቴን ጀመርሁ። ጎጃሜ ሲሟገት ታውቁታላችሁ፤ ከአዳም ተነሥቼ፣ በሔዋን በኩል ዞሬ፣ ወደ ቡሬ መጣሁ። ወይ የሰውዬውን ስም ትናገር፣ ወይ ሰማንያችን ይፍረስ አልሁ። ምስክርህ ማን ነው ሲሉኝ ሸፍኜ ካመጣሁት የወፍ ጎጆ ላይ ጋቢውን ገፈፍሁ።

ምስክሬ ዙሪያውን አየ። አቫንቲ! አለ፤ በጣሊያን አፍ ወደ ፊት ማለት ነው። ይህ ለክሱ አይጠቅምም። ሱፍ ሰጠሁት፤ በላና ዝም። ለመንሁት፤ ዝም። ከዚያ ጉሮሮውን ነፋፍቶ ጥሩንባውን ለቀቀው። ምን ልበላችሁ! ሽማግሎቹ፣ ቄሱ፣ ከሳሽ እኔ፣ ሁላችንም ብድግ ብለን እጃችንን ዘረጋን። አያ ተገኝ እጃቸውን ሲያወርዱ ያዩኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ጉባኤው ሊበተን ሲል፣ ፀሐዩ ጠንክሮ ኖሮ፣ አንድ ሰው በቅሎዬን ፈትቶ ወደ ጥላው፣ ወደ እኛ፣ አስጠጋት። ሎሬቶ አያትና አንገቱን ሰገግ አደረገ። ነይ የኔ ቆንጆ። ጠጋ በይ። ማን አስከፋብኝ አንቺን? አንድም ሳያስቀር አለው። እኔ በድል ስሜት፣ ሰማችሁ አባቶቼ፣ ይኼ ድምፅ የማን ነው? ብዬ ጮኽሁ። አንዱን ሽማግሌ ሳል ሳል አደረጋቸው፣ አንዱ መሬት መሬት አዩ። አያ ተገኝ የዝንብ ጭራቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ሰው ፊቱን በመስተዋት ያያል፤ ድምፁን የሚያሳየው መስተዋት ግን ለማን ተሠርቷል? በጎጆው ውስጥ ወፉ ቀጠለ፤ በይ እግርሽን ስጪኝ፣ ጭቃውን ልጠብልሽ።

በቅሎዬ ተራመደችና፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የፊት እግሯን አንሥታ ወደ እኔ ዘረጋችው። እጄ ደግሞ፣ እግዜር ይይለት፣ ሳላዝዘው ሄዶ ኮቴዋን ተቀበለ!

ሳቁን አልነግራችሁም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ጠዋት ማታ ከመንገድ በፊትና ከመንገድ በኋላ ለእንስሳዬ የማወራውን እኔ ከቁም ነገር ቆጥሬው አላውቅም፤ ሰው ሲያፏጭ ምን እንዳፏጨ ይሰማዋል? ለካ ወፉ ከክፈፉ ሆኖ ሲያጠና፣ ሚስቴ ከወንፊቷ ኋላ ሆና ስትሰማ ነበር።

የውብዳር ተነሣች። አባቶቼ፣ እሳቸው ከሰሱኝ፣ አሁን እኔ እከሳለሁ አለች። ይቺ በቅሎ ከተገዛች ሰባት ዓመቷ ነው። ሰባት ዓመት የእሳቸውን እግር ሳጥብ፣ እሳቸው የእሷን ያጥባሉ። እሷን ማን አስከፋብኝ ይላሉ፣ እኔ ስከፋ ወጡ ጨው በዛበት ይላሉ። ይቺን ቃል ለኔ አንድ ቀን ብለዋት ቢሆን ወፍ ባላጎረስሁ ነበር። ይህን ስትል ሳቁ ቆመ። እኔም ያን ጊዜ፣ ከሁሉ ይልቅ ያን ጊዜ፣ አፈርሁ።

ሽማግሎቹ ብዙ አልቆዩም። የበቀቀኑን ቃል፣ አንድም ሳይጎድል፣ ለሚስትህ ትላለህ፤ እግሯንም ታጥባለህ፤ ቄስ ያጠበውን ባል ቢያጥበው ነውር የለበትም ብለው ፈረዱ። ዕለቱን የውብዳርን በርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ ገበቴ ይዤ፣ ተንበረከክሁ። ነይ የኔ ቆንጆ ለማለት ምላሴ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ላብ በላብ ሆኜ አልሁት ግን፤ ማን አስከፋብኝ አንቺን ስደርስ እንዲያውም እውነት አልሁት፤ መልሱን አውቀው ነበርና። የውብዳር እንባዋን ጠረገች፣ ሳቅ አለች፣ እጄን ይዛ አየችው። እጅዎ እንዴት ለምዷል አለች። ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። ይህን ሁሉ የለመደ በእሷ ላይ አይደለም ወይ? አለች።

ሳምንት ሳይሞላ በቅሎዋ ተሸጠች። የሚስት ቅናት ከባል ቅናት ይበልጣል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ እሷ ግን ቅናት ያሸነፋት ጊዜ እንደኔ ሽማግሌ አላስቀመጠችም። ቅር አላለኝም። ትዳሬ ተረፈ፣ ሎሬቶ ወደ ቤት ተመለሰ፣ የኔ ጌታ የሚለው ስም ለእኔም ይደርሰኝ ጀመር። እኔ ከአህዮቼ ኋላ በእግሬ እየኳተንሁ ደስተኛ ነበርሁ።

ታዲያ በወሩ ቡሬ ገበያ ላይ በቅሎዋን የገዛኝን ሰው አየሁት። ከበቅሎዋ ላይ ወርዶ፣ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ አንድ ነገር ሲያንሾካሹክላት አየሁ። እሷም ዐይኗን ጨፈን አድርጋ እግሯን አነሣችለት! እኔ ፊቷ ቆሜ ሳለሁ! ደሜ ፈላ። ቀኑን ሙሉ አልሸጥሁም፣ አልገዛሁም። በማግስቱ በጠዋት ተነሥቼ፣ ቤቱን አጠያይቄ፣ ሄጄ ለሚስቱ ነገርሁበት።